የቤተል እናት ምስክርነት

ባለፈው እሁድ መካኒሳ አቦ አስቀድሼ ስወጣ ስልኬ ጠራ። እትዬ ወርቅነሽ ናቸው... የጓደኛዬ የቤተል እናት።

«ልጄ፣ ዛሬ ቸርች ምስክርነት አለኝ። አንቺ ሳትኖሪማ አልናገርም።»

ጉልበታቸውን ያማቸው ነበርና ዳኑ ብዬ ደስ አለኝ። ነጠላዬን አጣጥፌ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩና በታክሲ ቸርቻቸው ወዳለበት ወደ ሀይሌ ጋርመንት ሄድኩ።

ነገሩ እንዲገባችሁ... እኔና ቤተል አንድ ኮሌጅ፣ አንድ ክፍል ነን። ኮሌጃችን ለአንድ ሴሚስተር ውጭ ሀገር የሚማር ተማሪ ይልካል፤ ወደ ሃንጋሪ አንድ ሰው ብቻ፣ ወደ ቱርክ ደግሞ የቀናውን። የሁለቱንም ፎርም መሙላት አይቻልም። እኔ ሃንጋሪን ልሞላ ቆርጬ ነበር። በፍቅር ያስጣለችኝ ቤተል ናት።

«አንቺ ጾመኛ ነሽ፤ እዛ ድንቹ ራሱ የሚጠበሰው በአሳማ ስብ ነው» አለችኝ። «በሁዳዴ ምን ልትበዪ ነው... በረዶ?»

«አንቺስ የቱን ልትሞዪ ነው?»

«እኔ? ማሚን ጥዬ የት እሄዳለሁ።»

እንዲህ ለሆዴ የሚጨነቅ ሰው ስለሰጠኝ ፈጣሪን አመስግኜ ቱርክን ሞላሁ። ቱርክም እጅግ ጨዋ በሆነ ቋንቋ አልተቀበለችኝም። ቤተል ከእኔ እኩል አዘነች፤ ማጽናኛ ብላ በርገር ጋበዘችኝ።

ቸርች ስደርስ አዳራሹ ጢም ብሏል። ቤተል ከመዘምራኑ መሀል ሆና ስታየኝ ፊቷ ተለዋወጠ። ሙቀቱ ነው ብዬ አለፍኩት።

እትዬ ወርቅነሽ ማይኩን ተቀበሉ።

«ልጄ ሃንጋሪ ልትማር ነው፤ ቪዛዋ ተመታ» አሉ። እልልታው ቀለጠ። «የነበረው አንድ ቦታ ነው። የምትበልጠኝ ጎበዝ ልጅ አለች ብላ ስታለቅስብኝ ተንበረከክሁ። ጌታ ሆይ፣ የዚያችን ልጅ ልብ ወደ ሌላ ሀገር መልስልኝ አልኩት። መለሰው። እንቅፋቱ ተነሳ።»

አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። እጆቼን ሳያቸው... እነሱም እያጨበጨቡ ነው።

ሴትየዋ «ያቺ ልጅ» ማን እንደሆነች አያውቁም። እሳቸው ከልባቸው ጸልየዋል። ልጃቸው ግን ሥራውን ለፈጣሪ ትታ አልተቀመጠችም።

ሲያልቅ ቤተልን በር ላይ ያዝኳት።

«ቪዛ እስኪመታ አይወራም ብዬ ነው እኮ» አለች፣ ጫማዋን እያየች።

ይህንን ባህላችንን አከብራለሁ። ሀገር ምድሩ ጉዞውን ከሰው ዓይን ይደብቃል። ግን የሚደበቀው የራስ ዕድል ነው እንጂ የጓደኛ አይደለም።

«ተቀየምሽኝ?»

«ምን በወጣሽ። ጌታ እኮ ነው የተጠቀመብሽ።»

እትዬ ወርቅነሽ ደርሰው አቀፉኝ። «ለአንቺም እንዲህ ያድርግልሽ ልጄ» አሉ፣ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ። እውነቱን ልነግራቸው አፌን ከፈትኩ... ደስታቸውን ሳይ አሜን ብዬ ዘጋሁት።

ወገኖቼ፣ ለሰው ምስክርነት እልል ከማለታችሁ በፊት፣ የተነሳው እንቅፋት እናንተ አለመሆናችሁን አጣሩ።