የደጎሎን በረኛ የመረቁት ደጋፊ

አያ ሙሐሲን ጫማ ይሰፋሉ። መካነ ሰላም ገበያ ዳር፣ ሁለት ሰው በማታስቀምጥ የቆርቆሮ ክፍል ውስጥ ሠላሳ ስምንት ዓመት ሰፍተዋል። ኳስም ይሰፋሉ። በከተማው ውስጥ የተቀደደች ኳስ ሁሉ አንድ ቀን እሳቸው ጉልበት ላይ ትቀመጣለች። «ጫማን የሚረግጠው አንድ ሰው ነው፤ ኳስን ግን ሃያ ሁለት ሰው ይጠልዛታል። ስለዚህ ስፌቷ ድርብ ነው» ይላሉ፤ ክሩንም ሁለት ጊዜ በሰም ያሹታል።

ስለ ጨዋታው ራሱ ብዙም አያውቁም። ከጨዋታ ውጪ የሚባለውን ነገር ሦስት ሰዎች በተለያየ ጊዜ ጠጠር ደርድረው አስረድተዋቸዋል። ሦስቱንም ጊዜ «ገባኝ» ብለዋል፤ አልገባቸውም። ጎል ሲቆጠር ሰው ሁሉ ሲዘል፣ እሳቸው የሚያዩት ኳሷን ከመረቡ የወጣ ሽቦ ቧጭሯት እንደሆነ ነው።

እንዲህ ያለ ሰው የደጋፊዎች መኪና ጋቢና ላይ እንዴት ተቀመጠ? ነገሩ የጀመረው ከሁለት ዓመት በፊት ነው። ቡድናችን ከላላ ከተማ ላይ ሊጫወት ነበርና ደጋፊው የሾፌሩን የመልአኩን ቅጥቅጥ አውቶቡስ ይዞ ሊሄድ ተሰበሰበ። እኔ የዚያች መኪና መካኒክ ነኝ። የሄድኩትም ለኳስ ብዬ ሳይሆን የሞተሩን ኃይል ለጎማ የሚያደርሰው ካርዳኗ ስላላማረኝ ነው። ሰው ሞልቶ፣ ሞተር ተነሥቶ፣ መልአኩ እጁን ከማርሹ ላይ አነሣ።

«ዱዓ ሳይደረግ ዝም ብሎ ይወጣል እንዴ? ሽማግሌ የላችሁም?»

ዞር ዞር አልን። ሁሉም ጎረምሳ ነው። አያ ሙሐሲን በሩ ላይ ቆመዋል፤ የጠገኗትን ኳስ ሊያስረክቡ ነበር የመጡት። «ይህቺን ለማሟሟቂያ ብቻ ተጠቀሙባት፣ ገና አልደረቀችም» እያሉ ሳለ ከነኳሷ ጎትተን አስገባናቸው። ጋቢና ተቀመጡ፤ እጃቸውን ዘርግተው ዱዓ አደረጉ፤ አሚን አልን። ሦስት ለባዶ አሸነፍን።

ከዚያ ወዲያ ያለ እሳቸው የተሄደበት ጨዋታ የለም። ስድስት ጊዜ ሄድን፤ አራቱን አሸነፍን፣ ሁለቱን አቻ ወጣን። የደጋፊዎቹ ሰብሳቢ እንዳልካቸው ፎቶ ኮፒ ቤት አለው፤ በእጁም ሁልጊዜ ድምፅ ማጉያ አለ። እሱ «ይህ ቦታ የአያ ሙሐሲን ነው» የሚል ወረቀት አትሞ፣ በፕላስቲክ ለብጦ፣ ጋቢናው ላይ ለጠፈ።

ባለቤታቸው እትዬ ኑርጃን በዚህ ነገር አልተደነቁም። «ለጎረምሳ እግር ሁሉ ዱዓ የምታደርግ ሰውዬ፣ ለእኔ ወገብ አንድ ቀን ብታደርግ ምን ነበረበት?»

«ወገብሽ ግማሽ ፍጻሜ ደርሷል እንዴ?»

አያ ሙሐሲን ጋቢናውን ወደዱት። ይህን መደበቅ አይቻልም። የጨዋታ ቀን ኮታቸው ይተኮሳል። መኪናው በሱቃቸው በኩል ሲያልፍ እጃቸውን በመስኮት አውጥተው ለጎረቤት ባለሱቆች አንድ ጊዜ፣ በቀስታ፣ እንደ ሹም ያነሣሉ። አልፈርድባቸውም። ሠላሳ ስምንት ዓመት ሰውን ከጫማው ጀምረው ወደ ላይ ሲያዩ ለኖሩ ሰው፣ ከላይ ወደ ታች ማየት ቀላል ነገር አይደለም። ግራ ጉልበታቸውም አይታጠፍም፤ ጋቢና ደግሞ እግር ያስዘረጋል።

ዘንድሮ በዋንጫው ሩብ ፍጻሜ ደጎሎ ደረሰን። በሜዳቸው ነው፤ የተሸነፈ ይሰናበታል። ቅዳሜ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ልንነሣ ስንል እንዳልካቸው በጋቢናው መስኮት ብቅ አለ።

«አያ ሙሐሲን፣ የዛሬው እንደ ሌላው አይደለም። አደራ። ከተሸነፍን ይህን ወረቀት በገዛ እጄ ነው የምገነጥለው።»

«አብሽር!» አሉ።

ሰው ሳቀ። እሳቸው ግን አልሳቁም፤ ወረቀቷን በክርናቸው ጠረግ ጠረግ አደረጓት።

ከላላ ላይ የገበያ ቀን ነበርና በበቅሎና በአህያ መሀል ግማሽ ሰዓት ተንፏቀን፣ አምስት ሰዓት ላይ ደጎሎ ገባን። የደጎሎ ሰው ለኳስ የመጣን እንግዳ ሳያበላ ወደ ሜዳ አይሰድም። ያን ቀን ሃያ ሰባታችንንም የተቀበሉን እትዬ በለጥሻቸው የሚባሉ እናት ናቸው። እስላሙም ክርስቲያኑም ከአንድ ትሪ እንዲበላ ብለው ሥጋውን ትተውታል፤ ምስር፣ አይብ፣ በቅቤ የራሰ የገብስ ቂጣና የማያሰክረው መጠጥ ቀሪቦ ቀረበ። እንዳልካቸው ሳይቀር ድምፅ ማጉያውን አስቀምጦ በላ።

እጅ ስንታጠብ ነው ነገሩ የተበላሸው። እትዬ በለጥሻቸው ከጓዳ አንድ ጓንት ይዘው ወጡ። የበረኛ ጓንት ነው፤ ቀኙ አውራ ጣቱ ሥር ሁለት ጣት ያህል ተተርትሯል።

«ከእናንተ መሀል ሰፊ አለ ሲሉ ሰማሁ። ልጄ አስናቀው ዛሬ በረኛ ነው፤ እኔም በመርፌ ሞክሬው አልያዘልኝም።»

ሃያ ስድስት ሰው በአንድ ጊዜ ወደ አያ ሙሐሲን ዞረ። እንዳልካቸው በቅንድቡ፣ በአገጩ፣ በትከሻው ሁሉ «እንዳይነኩት» ይላል። አያ ሙሐሲን እጃቸው ኪሳቸው ገብቷል። ወስፌና በሰም የታሸ ክር ከኪሳቸው አይለይም፤ ሠርግም ይዘውት ይሄዳሉ። ጓንቱን ገልበጥ አደረጉት።

«ይቺን ፋብሪካው ራሱ ነው ያበላሻት። ነጠላ ስፌት!» አሉ ተናደው። ባለሙያ ሲናደድ አውቃለሁ። ያኔ ጓንቱ የማን መሆኑን ረስተዋል።

ሰፉት። ድርብ አድርገው፣ ጫፉን ቋጥረው፣ በጥርሳቸው በጥሰው ሰጡ። እንዳልካቸው ተጠግቶ በጆሯቸው አንሾካሾከ፤ እኔ አጠገባቸው ስለነበርኩ ሰማሁት።

«በቃ፣ የሆነው ሆኗል። አሁን አጠር ያለች ምርቃት። ‹ማዕዱን ይባርክ› ይበሉና እንውጣ። ጋቢናውን ያስቡ።»

አያ ሙሐሲን አሰቡት፤ ፊታቸው ላይ ይታይ ነበር። እጃቸውን ዘረጉና «ያ ረቢ፣ ይህን ማዕድ ባርከው» ብለው አበቁ።

«አሚን!» ብለን ለመነሣት ተንደረደርን።

እትዬ በለጥሻቸው ግን ሁለት እጃቸውን እንደዘረጉ ቀሩ። «ይኸው ነው? አያ ሙሐሲን፣ ለልጄስ?»

ሴትዮዋ ከሌሊት ጀምሮ ለሃያ ሰባት ሰው ሲጋግሩ አድረዋል፤ ዓይናቸው ቀልቷል። አያ ሙሐሲን እንዳልካቸውን አዩ፤ ከዚያም ትሪውን አዩ። ትሪው ላይ ፍርፋሪ አልቀረም።

«አፉ በይኝ እህቴ፤ ስቻለሁ» አሉና እጃቸውን ከቅድሙ ከፍ አድርገው ዘረጉ። «ያ ረቢ! ይህን ቤት ሙላው።»

«አሚን» አልን።

«ጎተራውን አታጉድለው። ጓዳውን አታራቁተው።»

«አሚን።»

«ልጃቸውን አስናቀውን ጠብቅላቸው። እጁን ባርክለት። ወደ እሱ የመጣው ሁሉ እጁ ይግባለት።»

አሚን ለማለት ጥቂት ዘገየን። ግን በልተናል፤ እጃችንም ተዘርግቷል። ወሎ ውስጥ ደግሞ ለምርቃት አሚን የማይል ሰው ገና አልተወለደም። እርስ በርስ እየተያየን «አሚን» አልን። እንዳልካቸውም አለ፤ ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አይቻለሁ።

ጨዋታው ስምንት ሰዓት ተጀመረ። በሃያኛው ደቂቃ ደጎሎ አገባ። ከዚያ በኋላ ሜዳው የእኛ ነበር፤ ጎሉ ግን የአስናቀው ነበር። ልጁ ከፍ ያለውን በጡጫ፣ ዝቅ ያለውን በደረቱ እያለ መለሰው። አንድ ሲያድን እንዳልካቸው አንድ ጊዜ ዞሮ አያ ሙሐሲንን ያያል። አያ ሙሐሲን ሰማዩን ያያሉ።

ሊያልቅ ሁለት ደቂቃ ሲቀር ሪጎሬ አገኘን። አጥቂያችን ሙእሚን ኳሷን አስቀመጠ። ሙእሚን ግራ እግሩ አይስትም፤ መካነ ሰላም ውስጥ ሲስት ያየው ሰው የለም። ተንደርድሮ መታት፤ ወደ ቀኝ ጥግ፣ ዝቅ ብላ፣ ጠንክራ ሄደች። አስናቀው እንደ ቆቅ ተወርውሮ በቀኝ እጁ ነካት። በእጁም ማለት አይቻልም፤ በአውራ ጣቱ ነው። ኳሷ ቋሚውን ለትማ ወጣች።

ሃያ ስድስት ሰው ጭንቅላቱን ያዘ። የተናገሩት አያ ሙሐሲን ብቻ ናቸው።

«አልተተረተረም» አሉ።

ዱዓ ምን እንደሚሠራና እንደማይሠራ እኔ አላውቅም፤ የእኔ ሥራ ሞተር ነው። ስፌቱን ግን በዓይኔ አይቻለሁ።

ተሸነፍን። ተጫዋቾቹ በመኪናቸው ቀድመው ሄዱ። እኛ ቅጥቅጡ አጠገብ ቆመን ፍርድ ቤት ተቀመጥን። እንዳልካቸው ከአያ ሙሐሲን ሁለት እርምጃ ርቀት ላይ ቆሞ በድምፅ ማጉያ ተናገረ።

«አያ ሙሐሲን! የባላጋራን ጓንት ሰፍተዋል?»

«ሰፍቻለሁ።»

«ወደ እሱ የመጣ ሁሉ እጁ ይግባለት ብለው መርቀዋል?»

«መርቄያለሁ። የበሉበትን ቤት በግማሽ መርቆ መውጣት አልችልበትም። ደግሞ እኔ አንድ ሰው ነበርኩ፤ አሚን ያላችሁት ግን ሃያ ስድስት ናችሁ።»

ሳቅ ፈነዳ። እንዳልካቸውም ሊስቅ ምንም አልቀረው፤ ግን ሰብሳቢ ነው፣ ጠዋት የተናገረው ቃል አለ። ወረቀቷን ከጋቢናው ገነጠላት፤ በፕላስቲክ ስለተለበጠች አልቀደድ ብላው ታገላት። አያ ሙሐሲን ኮታቸውን አውልቀው በክንዳቸው ላይ አጠፉና ጉልበታቸውን እየጎተቱ ወደ መጨረሻው ወንበር ሄዱ። ያኔ የሳቀ የለም።

እንዳልካቸው ጋቢና ገባ። ሞተር ተነሣ። መልአኩ እጁን ከማርሹ ላይ አነሣ። ሁላችንም ምን እንደሚጠብቅ ገባን። እንዳልካቸው ጉሮሮውን ጠረገና በድምፅ ማጉያው ጀመረ።

«እሺ... አምላካችን ሆይ... እንግዲህ... ጎማውን... እ... በሰላም ያድርሰን።»

አሚን ያለ ሰው የለም። አንዱ አሳለ። መልአኩ ቁልፉን አዙሮ ሞተሩን አጠፋ።

«ቅር አይበልህ እንጂ፣ በዚህ ምርቃት ከላላም አልደርስ።»

እንዳልካቸው ወደ ኋላ ዞረ፤ ለመጠየቅ አፉን ከፈተ፤ አቃተው። አያ ሙሐሲን ቢኮሩ ማንም አይፈርድባቸውም ነበር። እሳቸው ግን እንዲለመኑ አልጠበቁም፤ ከኋላ፣ ከከበሮውና ከባንዲራው መሀል ድምፃቸው መጣ።

«ያ ረቢ፣ መንገዱን አቅናልን።»

«አሚን!»

«የመልአኩን ዓይን ከእንቅልፍ ጠብቅ። ካርዳኑን አጽና።»

ለካርዳኑ ከሁሉም በላይ የጮህኩት እኔ ነኝ።

«ቀድሞ በሄደው መኪና ውስጥ አንገቱን ለደፋው ለሙእሚን ልቡን ጠግንለት፤ ልጅ ነው።»

«አሚን!» መስታወቱ ነዘረ። ተነሣን።

ጠጠር መንገዱ ላይ ስንገባ ለጉልበታቸው ብዬ ዞሬ አየሁ። ልጆቹ ከበሮውን ከእግራቸው ሥር አድርገውላቸው ጉልበታቸውን ዘርግተዋል። እፍኝ ቆሎ ይዘዋል። አንዱ ያንን ከጨዋታ ውጪ የሚባለውን ነገር በቆሎው ደርድሮ ያስረዳቸዋል፤ እሳቸው አንዱን ፍሬ አንሥተው ይበሉታል። «እሱማ የደጎሎ ተከላካይ ነበር አያ!» «ታዲያ ምን አስጨነቀህ፣ በላሁልህ!» ሳቃቸው እስከ ፊት ድረስ ይሰማል። ሁለት ዓመት ሙሉ አብረን ስንሄድ እንዲህ ሲስቁ ሰምቻቸው አላውቅም። መልአኩ ሲነዳ አይናገርም፤ ጋቢናም የሞተር ድምፅ ነው እንጂ ሌላ የለውም። ሰውየው በክብር ተቀምጠው መንገድ ብቻ ሲያዩ ከርመዋል።

ከላላ ላይ ለሻይ ስንቆም እንዳልካቸው ድምፅ ማጉያውን ትቶ መጣ።

«አያ ሙሐሲን፣ ንዴት ነው፤ አፉ ይበሉኝ። ይምጡ፣ ከፊት ይቀመጡ።»

«አፉ ብያለሁ የኔ ልጅ። አንተ እዚያው ሁን፤ እኔ እዚህ ተመችቶኛል» አሉና ቆሎ ወዳለበት ዞሩ።

ባለፈው ወር ለወዳጅነት ጨዋታ ወረኢሉ ስንሄድ እንዳልካቸው ወረቀቷን እንደገና አትሞ፣ ፊደሏን አተልቆ፣ አበባ ጨምሮባት ለጥፏት ነበር። አያ ሙሐሲን አነበቧት፤ «ማሻአላህ፣ ቆንጆ ናት» አሉ፤ አለፏትና ወደ ኋላ ገቡ። ጋቢናው ባዶ እንዳይሄድ እንዳልካቸው ተቀመጠበት። መንገዱን ሙሉ፣ ከኋላ ሳቅ በተነሣ ቁጥር፣ አንገቱን ጠምዝዞ ይጠይቃል።

«ምን አሉ? ኧረ ምን አሉ?»

የሚመልስለት የለም።