ፕላስተሩ የነበረበት ቦታ

ነፍሳቸውን በደጉ ቦታ ያሳርፍልኝና፣ አክስቴ ደብረ ማርቆስ ውስጥ ያለጊዜያቸው የተወለዱ ሕፃናትን ሲያስታምሙ የኖሩ ነርስ ነበሩ። ከሁሉም ትዝ የሚለኝ ፕላስተራቸው ነው። ኢንፌክሽን ለተጠረጠረበት ሕፃን አንቲባዮቲክ ሲጀመርለት፣ ሕፃኑ የተኛበት የማሞቂያ ሣጥን ላይ ቁራጭ ፕላስተር ለጥፈው ቀኑን ይጽፉበታል። ለመጀመር ደቂቃ አያባክኑም። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ግን ሐኪሙን በር ላይ ጠብቀው ይይዙታል።

"ልጄ፣ የደሙ ውጤት ንጹሕ ነው፤ ሕፃኑም ደህና ነው። እስከ መቼ ልንወጋው ነው? ዛሬ ያለምክንያት የሰጠነው መድኃኒት፣ ነገ የምር ሲታመም እምቢ ይለናል።"

ሐኪሙ ይቁም ሲል ፕላስተሩን ልጠው ይጥሉታል።

ከቀበርናቸው ሁለት ወር ሳይሞላ ልጄ በሰባት ወሯ ተወለደች። የተኛችው እሳቸው ይሠሩበት በነበረው ክፍል ነው። ማሞቂያው ላይ አራት ማዕዘን የሙጫ ምልክት ቀርቷል፤ ፕላስተር የለም። ኢንፌክሽን ተጠርጥሮ አንቲባዮቲክ ከተጀመረላት ዛሬ ዘጠነኛ ቀኗ ነው። ወጣቷ ነርስ መርፌ ይዛ ስትመጣ የደሟን ውጤት ጠየቅኋት።

"ከመጣ ሰነበተ፤ ንጹሕ ነው" አለችኝ።

"ታዲያ መድኃኒቱ ለምን አይቆምም?"

"አቁሙ ያለን የለም።"

እጄን ወደ ልጄ ሰደድኩ። እስከ ትናንት ደህና የነበረው ግንባሯ፣ መድኃኒቱ ሳይቋረጥ፣ ይፋጃል።