ከመስተዋቱ አጠገብ የተቀመጠው

የያዙኝ አዳማ መናኸሪያ፣ ወደ ቢሾፍቱ በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ ተቀምጬ ነው። ባለቤቴ መውለጃዋ ስለደረሰ ቢሾፍቱ እናቷ ዘንድ ገብታ ነበር። ሁለት ሲቪል የለበሱ ሰዎች ረዳቱን ገፋ አድርገው ገቡና አንደኛው "የስፖርቱ ሰውዬ፣ ውረድ" አለኝ። ድምፄን እንጂ መልኬን የሚያውቅ ብዙ ሰው አልነበረም፤ ይህኛው ሁለቱንም ያውቅ ነበር። ወረድኩ። የሕፃን ልብስ የያዘው ፔስታሌ መቀመጫው ላይ ቀረ፤ ሚኒባሱም ይዞት ሄደ።

የታሰርኩበት ክፍል በር ሲከፈት መጀመሪያ የተቀበለኝ ሙቀቱ ነው። የአዳማን ከሰዓት በኋላ ቆርቆሮ ጣሪያ ስር ያሳለፈ ሰው ምን ማለቴ እንደሆነ ይገባዋል። ቀጥሎ የሽንት ቤቱ ሽታ መጣ። ዓይኔ ጨለማውን ሲለምድ ደግሞ ጥግ ላይ እሱን አየሁት፤ ከዚህ ሁሉ የባሰብኝ እሱ ነው።

"እሱ" የምለው ቅዳሜ ቅዳሜ የሬዲዮ ስፖርት ፕሮግራም አብሮኝ ያቀርብ የነበረውን ሰው ነው። ሚዜዬም ነበር። ፕሮግራማችን የተዘጋው በአንድ አድማጭ ስልክ ምክንያት ነው። ሰውየው በቀጥታ ስርጭት ደውሎ ስለ ጨዋታው ያወራል ብለን ስንጠብቅ፣ ስታዲየም በር ላይ ደጋፊ እንዴት በዱላ እንደተቀጠቀጠ፣ ማን እንዳዘዘም ሳይቀር ተናገረ። እንዲህ ሲሆን ከስቱዲዮው መስተዋት ኋላ ላለው ቴክኒሻን እጅን አንገት ላይ ሳብ ማድረግ ነው፤ መስመሩ ይቆረጣል። ሰውየው ግን እስኪጨርስ ተናገረ። ከዚያ በኋላ ሥራችንን አጣን፤ እኛም ተጣላን፤ ኋላም በዚያው ምክንያት ታሰርን። ከመስተዋቱ አጠገብ የተቀመጠው እሱ ስለነበር ምልክቱን መስጠት የነበረበት እሱ ነው። እሱ ደግሞ "ስልኩን የተቀበልከው አንተ ነህና ምልክቱም ያንተ ነበር" ይላል። እኔ እስከ ዛሬ ጥፋቱ የሱ ነው እላለሁ።

እንግዲህ እዚያ ክፍል ውስጥ ፊት ለፊት ተፋጠን ሳንነጋገር ከረምን። አብረውን የታሰሩ፣ የሞጆ ከባድ መኪና ሾፌር የነበሩ አንድ ሽማግሌ ሊያስታርቁን ሞከሩ። መሀላችን ተቀምጠው ብዙ መከሩን። እኔ "ይቅርብዎ አባቴ" አልኳቸው። እሱ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

አንድ ቀን ጠዋት፣ ከእስረኛ ቆጠራ በኋላ፣ ሽንት ቤት የማጽዳቱ ተራ የባልደረባዬ ሆነ። የተረኛ ጠባቂዎቹ አለቃ ወንበር አስመጥቶ ኮሪደሩ ላይ ተቀመጠና እኔን አስጠራኝ። ይህ ሰው አድማጫችን እንደነበረ ደጋግሞ ይነግረን ነበር፤ ሲነግረን ግን ጥርሱን ነክሶ ነው። ባዶ የውሃ ፕላስቲክ እጄ ላይ አስቀመጠ።

"ማይክህን ያዝ። ጓደኛህን እንደ ጨዋታ አስተላልፍልን።"

ባልደረባዬ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ጠቅልሎ፣ ቁጢጥ ብሎ፣ በመጥረጊያ እየፈተገ ነበር። ተረኞቹ ሳቁ። አለቃው ድምፁን ዝቅ አደረገ።

"ሚስትህ ወልዳለች። ስንቅ ይዘው የመጡት ዘመዶችህ ነግረውናል። ምን እንደወለደች፣ እሷም እንዴት እንደሆነች አውቃለሁ። ካስተላለፍክ ትሰማለህ።"

እሷም እንዴት እንደሆነች? ምን ሆና ነው? ቃሉ ጉሮሮዬ ላይ ተዘጋጅቶ ነበር፤ ለሥራዬ አዲስ አይደለሁም። ባልደረባዬ አንዴ ቀና ብሎ አየኝ። እንዳልወደው አልደብቅም። ግን ያ አቀማመጡ በኔ ድምፅ እንዲነገር አልፈለግሁም። ፕላስቲኩን ቀስ ብዬ መሬት ላይ አቆምኩትና እጄን ወደ ኋላዬ አደረግሁ።

ሬዲዮ ላይ ከዝምታ የከፋ ነገር የለም። ትንሽ ዝም ካልክ ቴክኒሻኑ መስተዋቱን ይደበድባል፤ የአንዱ ድምፅ ከተያዘ ሌላው ወዲያው መቀበል አለበት። ስንሠራ የማናፈርሰው ሕጋችን ይህ ነበር። ባልደረባዬ መጥረጊያውን እንደያዘ ተነሣ። ከዚያ ያ የድሮው ድምፁ ኮሪደሩን ሞላው።

"ውድ አድማጮቻችን፣ በቀጥታ ከአዳማ ነው። ሜዳው እርጥብ ነው። ተጫዋቹ ብቻውን ነው፤ ደጋፊው ግን ሞልቷል። ተጋጣሚው እስካሁን ከወንበሩ አልተነሣም።"

ከየክፍሉ ሳቅ ተሰማ፤ በሩን የሚደበድብም ነበር። ከተረኞቹ አንዱ ሳቁን ለመደበቅ ፊቱን አዞረ። አለቃው ተነሥቶ ባልዲውን በእርግጫ አለው። ቆሻሻው ውሃ በባልደረባዬ ላይ ፈሰሰ፤ ዱላም ተከተለ። እንደገና ከመጀመሪያው አጽዳ ተባለ። እኔን ወደ ክፍሌ ሲመልሱኝ አለቃው "አንተን እንጂ እሱን መቼ አልኩ" ብሎኝ ሄደ። የባለቤቴን ነገር ሳይነግረኝ ሄደ።

ያን ቀን እህል አልቀመስኩም። ሽማግሌው ሾፌር "አይዞህ ልጄ" አሉኝ። ሞታ ይሆን እያልኩ በሩን ሳይ ዋልኩ። ለኩራቴ ብዬ የልጄን ወሬ ያጣሁ ይመስለኝ ነበር፤ ራሴን ረገምኩ።

ባልደረባዬን ቆሻሻ እንዲደፋ ወደ ውጭው በር ልከውት ኖሮ ወደ ማምሻው ተመለሰ። ልብሱ አልደረቀም፤ ከንፈሩም አብጧል። እንደ ወትሮው ጥጉ ላይ ተቀመጠና ሳያየኝ ተናገረ።

"ሴት ናት። እናቷም ደህና ናት። አማትህን በር ላይ አየኋቸው፤ ከሠርጉ ጀምሮ ያውቁኝ የለ፣ እየሮጡ መጥተው ነገሩኝ።"

አለቀስኩ። እሱ እስክጨርስ ጠበቀኝ።

"መስመሩን መቁረጥ የነበረብህ ግን አንተ ነህ" አለ።

"ከመስተዋቱ አጠገብ የተቀመጥከው አንተ ነህ" አልኩት።

ሽማግሌው "እሰይ" አሉ።

ከተፈታን ቆየን፤ አሁን ልጄ ትምህርት ቤት ገብታለች። እኔ ሞጆ የአንድ ጉምሩክ አስተላላፊ ቢሮ ውስጥ እሠራለሁ፤ እሱ ዝዋይ ከተማ ሄዶ ለሠርግ የድምፅ ማጉያ ያከራያል አሉ። አንደዋወልም። በድሮው ፕሮግራማችን ሰዓት አሁን ዘፈን ነው የሚለቀቀው። አንዳንድ ቅዳሜ ግን ሬዲዮውን እከፍትና ያ የደወለው ሰው ትዝ ይለኛል። የተናገረው ከተማው ሁሉ በዓይኑ ያየውን ነበር። እኔና ሚዜዬ ማን ሊቆርጠው ይገባ ነበር ብለን ተጣልተን ቀረን። ልጄ አድጋ ስለ አባቷ ሥራ ብትጠይቀኝ ግን የምነግራት ሌላውን ነው፤ ሰውየው ሲናገር ሁለታችንም እጃችን ጠረጴዛው ላይ ነበር፤ ማናችንም አላነሣንም።