ከገብስ ፍሬ ያነሰው ሰማይ

እርጥብ ጠፍር በሸተተኝ ቁጥር ቀኝ እጄ ይጨበጣል። ዛሬ ጠዋት ሆሳዕና መናኸሪያ አጠገብ ዝናብ የመታው የጋሪ ፈረስ ሲያልፈኝም ተጨበጠ።

ስማኝማ። ከስድስተኛ ክፍል ያቋረጥኩ ሰው ነኝ፤ ግን ስለ ዩኒቨርስ አጀማመር የእኔን ያህል የሚያውቅ በዚህ ከተማ የለም። የኮሌጅ መምህራን ሳይቀሩ ቤቴ መጥተው ይጠይቁኛል። ነገሩ ሲሆን ሃያ ዓመቴ ነበር። ከታላቅ ወንድሜ ጋር ከሌሞ ገጠር ወደ ሆሳዕና ገበያተኛና ገብስ በጋሪ እናመላልስ ነበር፤ እሱ ይነዳል፣ እኔ የፊዚክስ መጽሐፌን ይዤ ለተሳፋሪው አስረዳለሁ።

አንድ የገበያ ቀን፣ ጭቃው ጎማውን እየዋጠ፣ "ይሄ ሁሉ ሰማይ ከአንዲት የገብስ ፍሬ ያነሰ ነበር" አልኩ።

"ከዚያ በፊትስ?" አለ ወንድሜ ሳይዞር።

"በፊት የሚባል የለም። ጊዜ ራሱ ያኔ ነው የጀመረው። ላንተ አይገባህም።"

"ልጓሙን ለታናሽህ ስጠው፣ ሰማይ ያድርሰን!" አለች አንዷ ተሳፋሪ። ጋሪው በሳቅ ተናጋ።

ወንድሜ መጽሐፉን ነጥቆኝ ጎማው ሥር ወረወረው። እኔም የጠፍር አለንጋውን መነጨቅኩት፤ እጀታው በሽቦ የተጠመጠመ ነበር። ጭቃ ውስጥ ተያይዘን ወደቅን። ጆሮዬን ነከሰኝ። መታሁት፣ ደገምኩት። በሦስተኛው ሽቦው ግራ ዓይኑን አገኘው። ጩኸቱ ፈረሱን አስደነበረው። የገብሱ ጆንያ ላይ የተረጨው ደም ይታየኛል።

ሽማግሌዎች ዛፍ ሥር አስቀመጡን። በምን እንደተጣላን ሲሰሙ ማንም አልሳቀም። "እስክትሞቱ ድረስ ስለ ዓለም አጀማመር እርስ በርስ እንዳትነጋገሩ" ብለው አስማሉን። አከበርነው። ስለ ዝናብ፣ ስለ ልጆች፣ ስለ ገብስ እያወራን አረጀን።

አምና ወንድሜ ሆስፒታል ተኝቶ በአንድ ዓይኑ አየኝ።

"ያ ጋሪ ላይ ያልከው… ከፍሬዋ በፊት ምን ነበር?"

"መሐላ አለብን፣ ወንድም ጋሼ።"

"እኔ እኮ መሄዴ ነው። ንገረኝ።"

ዓለምን ያሰባሰበው የስበት ሕግና የኢምንት ቅንጣቶቹ ሕግ እዚያች ፍሬ ላይ ሲደርሱ እንደማይታረቁ፣ ሊቃውንቱም እስካሁን እንዳልፈቱት አንብቤያለሁ። ለሌላ ሰው ቢሆን ሁለት ሰዓት አወራበት ነበር።

"አላውቅም" አልኩት። "ማንም አያውቅም።"



"ይህቺን ያኔም ማለት ትችል ነበር" አለኝ፤ ቀኝ እጄንም ያዘ። ጭብጤን ጣት በጣት ፈታው፤ እንቅልፍ እስኪወስደውም አልለቀቀውም።