አስራ ሁለተኛው ማሊያ

ወንድሜ ዱባለ ለአጥራችን ጀርባውን ሰጥቶ መቀመጥ ትቶ ነበር። ድሮ እንደ ማንም ሰው ደጅ ላይ ዱካ አውጥቶ፣ ቆርቆሮውን ተደግፎ ፀሐይ ይሞቃል። ከጎረቤታችን ልጅ ከገመቹ ሞት በኋላ ግን ከቀኑ አስራ አንድ ሰዓት ሲቃረብ ፊቱን ወደ አጥሩ አዙሮ ቁጭ ነው። ሻዩ እንደተቀዳ ይቀዘቅዛል።

«ሰማሽ?» ይለኛል።

«ምኑን?»

«ኳሷን። አሁን አጥሩን መታችው፤ ጓ! አለ።»

«አልሰማሁም ጋሼ። ነፋስ ነው።»

እሱም ያምነኛል። የነገርኩትን ሁሉ ያምን ነበር፣ ሞኝ።

«የኮልፌው ዱባለ» ሲባል የማያውቀው ሰው ትልቅ ሰው ይመስለዋል። ምንም አልነበረም። ክር ፋብሪካ ውስጥ የመካኒክ ረዳት ነው፤ እጁ ሰባት ጊዜ ቢታጠብ የግራሶው ሽታ አይለቀውም። አባታችን ቀድሞ፣ እናታችን ተከትላ ስትሞት እኔ የአስራ ሦስት ዓመት ልጅ ነበርኩ። ያሳደገኝ እሱ ነው። ለኔ ብሎ ሚስት ሳያገባ ቀረ። ይህን አስቀድሜ የምናገረው በኋላ በክፉ እንዳታዩት ነው። እኔ ልማው እንጂ ሌላ ሰው ሲያማው አልወድም።

በሃምሳ ሰባት ዓመተ ምሕረት ፋብሪካው አዲስ ማሽን ሲያስመጣ፣ ማሽኑን የሚተክል ፈረንጅ አብሮ መጣ። ስሙ ኢናኪ ነው፤ ሰፈሩ «ሙሴ ኢናኪ» አለው። «እስፓኞል ነህ?» ሲሉት ፊቱ ደም ይመስላል፤ «ባስክ!» ይላል፤ በእስፓኞሎች አገር ያለ፣ የራሱ ቋንቋ ያለው ሕዝብ ነው። እሱና ዱባለ ምሳ ሰዓት ላይ በተሰባበረ ጣልያንኛና በተሰባበረ አማርኛ ያወራሉ። ወሬያቸው አንድ ብቻ ነው፦ አትሌቲክ፣ የቢልባኦ ከተማ የኳስ ቡድን። ወንድሜ የሰማውን ይዞ ይመጣና እራት ላይ ለኔ ይደግመዋል።

«አየሽ የኔነሽ፣ ከሌላ አገር አንድ ሰው አያስገቡም! የራሳቸው አፈር ያበቀለውን ልጅ ብቻ ነው። በዚያም ላይ ዋንጫ በልተዋል።»

መንግሥታቸው ቋንቋቸውን ከአደባባይ ከልክሏል አሉ። የቡድኑን ስም እንኳ በግድ አስለውጦታል፤ የኢናኪም ስም ወረቀት ላይ ሌላ ነው። ሁሉ ሲወሰድባቸው ያቺ ቀይና ነጭ ማሊያ ቀረችላቸው። ሜዳቸው በቅዱስ ማማስ ስም ይጠራል፤ አንበሳ ተለቆበት ያልነካው ሰማዕት ነው፤ ለዚህ ነው ተጫዋቾቹን «አንበሶች» የሚሏቸው። ደግሞ ፒቺቺ የሚባል አጥቂ ነበራቸው፤ ሃያ ዘጠኝ ዓመቱ ላይ በበሽታ ሞተ። ሐውልት አቆሙለት። ከዚያ ወዲህ በዚያ ሜዳ ለመጀመሪያ ጊዜ ሊገጥም የመጣ ቡድን አምበሉ አበባ ይዞ ሄዶ ከሐውልቱ ሥር ያኖራል። ይህችን የመጨረሻዋን ዱባለ ሲነግረኝ ቸኩሎ ነበር ያለፋት። የሞተ ሰው ነገር ያኔ ምን ያደርግለታል?

ልቡን የወሰደው ሕጉ ነው። አይፈረድበትም። ኮልፌ ያኔ ዳር አገር ናት። ፒያሳ ወጥተን «ከኮልፌ ነን» ካልን «ጅቡ እንዴት አደረ?» እያሉ ይሳለቁብናል። ዱባለም አንድ ቀን ከሥራ ሲመለስ ቀይ ጨርቅና አቡጀዲ አቅፎ መጣ። «አስራ አንድ ማሊያ ስፊልኝ» አለ፤ «የኮልፌ አንበሳ። ኮልፌ የተወለደ ብቻ ነው የሚለብሰው።» የስፌት መኪና የት አባቴ አግኝቼ! ቀዩን ከነጩ፣ ነጩን ከቀዩ በእጄ ገጣጠምኩ። ጣቴ ቆስሎ ሊጥ መንካት አቃተኝ።

ምዝገባው እሑድ ቀን ግቢያችን ውስጥ ሆነ። ዱባለ ደብተር ይዞ እንደ ዳኛ ተሰየመ፣ ሙሴ ኢናኪ በክብር እንግድነት ከጎኑ ተቀመጠ፣ ጎረምሶቹ ተሰለፉ። ጥያቄው አንድ ነው፦ «የት ተወለድክ?» ጌታሁን ከጉራጌ አገር ከመጣ ገና ሦስት ዓመቱ ነው፤ ዓይኑን በጨው አጥቦ «ኮልፌ!» አለ። ደመቀም «ኮልፌ!» አለ፤ እሱማ ከወሎ ሲመጣ ጢም አብቅሎ ነበር። ሁሉም ተጻፉ። ከዚያ ገመቹ ቀረበ።

ገመቹ የአዴ ዲንቄ ልጅ ነው፤ ግቢያቸው ከኛ ቀጥሎ ነው። ኳስ የምንጫወትበት ሜዳ ራሱ የአያቱ ከብቶች የሚግጡበት ነበር። ኮልፌ የማን ናት ቢባል ከእነሱ በፊት የሚጠራ ሰው የለም። አስራ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ ሲስቅ ድዱ ሁሉ ይታያል፤ ኳስ ደግሞ እግሩ ላይ ትለምዳለች።

«የት ተወለድክ?»

«ሆለታ፣ እናቴ አገር» አለ ገመቹ። መዋሸት አልፈጠረበትም። «በአራስነቴ ነው የመጣሁት።»

«እንግዲህ የኮልፌ አይደለህማ» አለና ዱባለ ደብተሩን ዘጋ።

ልጁ የሚቀልድበት መስሎት ሳቀ። ሙሴ ኢናኪ እንኳ ከወንበሩ ተነሳ። «ዱባለ፣ ተው» አለ። «እኛ አገር ባሕር ማዶ ተወልዶ ከሕፃንነቱ እኛ ከተማ ያደገ ልጅ ነበር። እዚህ አልተወለደም ብለው አላስገቡትም ይባላል። በሌላ ቡድን ማሊያ ሲጫወት አየሁት። አፈርኩ።»

«ሕጉን የነገርከኝ አንተ ነህ» አለው ወንድሜ። ሰውየው ተመልሶ ተቀመጠ።

እውነቱን ልናገር፦ ዱባለ ራሱም አጥቂ ነበር። ገመቹ ከገባ እሱን የሚያይ አልነበረም። ቅናት ነው፤ ሌላ ስም የለውም። እኔ መርፌዬን በከንፈሬ ይዤ ጥጉ ላይ ነበርኩ። አንድ ቃል ወጥቶኝ ቢሆን ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር። ዝም አልኩ። ማታውን ከተረፈው ጨርቅ በገመቹ ልክ አስራ ሁለተኛ ማሊያ ቆርጬ ጀመርኩ። ዱባለ ሲያገኘው አልተቆጣኝም፤ ሳጥን ውስጥ ከቶ ቆለፈበት።

ገመቹ አልተቀየመም። ተቀይሞ ቢሄድ ምናለ! በየቀኑ አስራ አንድ ሰዓት ሲል የጨርቅ ኳሱን ይዞ መጥቶ የኛን አጥር ይደበድባል። ጓ! ጓ! «ጋሽ ዱባለ፣ አጥርህ የት ተወለድክ አይለኝም!» ብሎ ይስቃል። የጎረቤቱ ሰፈር የሳንሱሲ ልጆች «እኛ ጋ ና፣ ዘጠኝ ቁጥር እንሰጥሃለን» ብለው ለመኑት። «እኔ የኮልፌ ልጅ ነኝ፣ ኮልፌን አልገጥምም» ብሎ መለሳቸው። ከዚያ ይልቅ ከሜዳው ዳር ቆሞ የወጣች ኳስ የሚያመጣ ሆነ። ያንን የሚከለክል ሕግ አልነበረም።

ሜዳው በአንድ በኩል ወደ ወንዙ ገደል ነው። በስልሳ ዓመተ ምሕረት ነሐሴ፣ እሑድ ቀን፣ ከሳንሱሲ ጋር እየተጫወቱ ሳለ ከወጨጫ ተራራ በኩል ሰማዩ ጠቆረ። እኛ ጋ ገና ጠብ አላለም። ዱባለ አክርሮ የመታት ኳስ ጎሉን ስታ ገደሉን ወረደች። ሙሴ ኢናኪ ከአገሩ ያስመጣልን የቆዳ ኳስ ናት፤ ሌላ የለንም። «ገመቹ! ኳሷን! ኳሷን!» ብሎ ጮኸ ወንድሜ። ገመቹም እየሳቀ ወረደ። ደራሹ ጎርፍ ግንድና ድንጋይ እያንከባለለ ሲመጣ ድምፁን ሁላችንም ሰማን። አንድ ጊዜ እጁን ከፍ አድርጎ አየሁት፤ ኳሷን ይዟታል። ከዚያ በኋላ ውሃው ብቻ ነበር።

በሦስተኛው ቀን ከታች በኩል ተገኘ። ኳሷ አልተገኘችም።

ከቀብሩ በኋላ በሳምንቱ፣ አስራ አንድ ሰዓት ላይ፣ ዱባለ እጁን እየታጠበ ሳለ ደርቆ ቀረ። «ሰማሽ?» አለኝ። ከዚያች ቀን ጀምሮ አልተወውም። ሥጋው አለቀ። ጠበል ወሰድኩት፤ ሁለት ሳምንት ተጠመቀ፤ ተመልሶ የመጣ ዕለት ያው ሆነ። «‹ኳሷን› ነው ያልኩት የኔነሽ። ‹ተመለስ› አላልኩም። በዚያች ኳስ አንድም ቀን አላጫወትኩትም፤ አምጣት ብቻ ነው የምለው» እያለ እንደ ሕፃን ያለቅሳል።

ሙሴ ኢናኪ ሥራውን ጨርሶ ወደ አገሩ ሊሄድ ሲሰናበተው፣ ዱባለን ያ ቸኩሎ ያለፈው የፒቺቺ ነገር ትዝ አለው። ሳጥኑን ከፍቶ አስራ ሁለተኛውን ማሊያ አወጣ። «ጨርሺው» አለኝ፤ አንድ እጅጌ ይቀረው ነበር። ከሜዳው ጥግ የባህር ዛፍ አጠና ተክሎ ማሊያውን ሰቀለበት። «ሊገጥመን የሚመጣ ሁሉ አበባ ያኖርለታል» አለ። ይህን ካደረገ ድምፁ የሚተወው መስሎት ነበር።

መስከረም ላይ ሳንሱሲዎች መጡ። አምበላቸው ፀሐዬ አንድ እቅፍ አደይ አምጥቶ፣ ቆቡን አውልቆ ከአጠናው ሥር አኖረ። በመሃል አዴ ዲንቄ ጥቁራቸውን እንደለበሱ ሰዉን እየገፉ ገቡ። ማን እንደነገራቸው አላውቅም።

«ይሄ ምንድን ነው?» አሉ።

«ለገመቹ ነው አዴ» አለ ዱባለ። «በውጭ አገር ለትልቅ ተጫዋች እንዲህ ይደረጋል።»

«ገመቹ ትልቅ ተጫዋች ነበር?»

«ከሁላችንም ይበልጥ ነበር።»

«ታዲያ ምነው ሳታጫውተው?»

ወንድሜ መሬት መሬት እያየ፣ «ሕግ ነበረን። ኮልፌ ያልተወለደ አይገባም የሚል...» አለ።

«አዬ ወንዶች!» አሉ አዴ ዲንቄ። አልጮኹም፤ ቢጮኹ ይሻል ነበር። «የበኩር ልጅ የት ነው የሚወለደው? ሴት በመጀመሪያ ሆዷ እናቷ ቤት ሄዳ አይደል የምትገላገለው? ሆለታ ልሄድ ስነሳ በሶ የቋጠረችልኝ እናትህ ናት። ‹አይዞሽ፣ እኔም ዱባለን ሰላሌ እናቴ ጋ ነው የወለድኩት፤ ክርስትና አስነስቼ አዝዬው መጣሁ› ብላ ነው የሸኘችኝ። አንተም ያው ነህ፤ ታዝለህ ነው የመጣኸው።»

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል። ዱባለ ሣሩ ላይ ቁጭ አለ። ዞር ብሎ እኔን ፈለገኝ።

«የኔነሽ፣ ይህን ታውቂ ነበር?»

«አላውቅም ጋሼ» አልኩት።

አዴ ዲንቄ አዩኝ። ብዙ አዩኝ። ከዚያ ማሊያውን ከአጠናው አወረዱ፣ አጣጠፉ፣ ከነጠላቸው ሥር ደረታቸው ላይ ያዙት። «እንግዳው እንኳ አበባ አመጣለት» አሉና ሄዱ። አጠናው ባዶውን ቀረ።

ወንድሜ ያን ማታ ደጃቸው ሄዶ እግራቸው ላይ ወደቀ። ምን እንደተባባሉ አልነገረኝም። ሲመለስ ሕጉ የተጻፈበትን ገጽ ቀዶ ምድጃ ውስጥ ጣለው። የሚመጣውን ሁሉ ማስገባት ጀመረ፤ እሱ ግን ከዚያ ወዲህ ማሊያ አልለበሰም። እሑድ እሑድ ከሜዳው ዳር ቆሞ፣ ገመቹ ይቆምበት ከነበረው ቦታ፣ የወጣች ኳስ ያመጣል። ወደ ገደሉ ከወረደች ማንንም አይልክም፤ ራሱ ይወርዳል። ለአዴ ዲንቄ እንጨት ይፈልጣል፣ አጥር ያጥራል፣ ሲታመሙ ያስታምማል። እሳቸውም «ልጄ» አሉት። ቀስ እያለም ድምፁ ተወው። አንድ ቀን ከገበያ ስመለስ ቆርቆሮውን ተደግፎ፣ ጀርባውን ለአጥሩ ሰጥቶ፣ እንቅልፍ ወስዶት አገኘሁት።

እንግዲህ የኔ ነው የቀረው። አውቅ ነበር። እናቴ በታመመች ጊዜ ነግራኛለች። የወሊድ ወሬ የሴት ወሬ ነው፤ ለወንድ አይነገርም። እኔ ሁለተኛ ስለሆንኩ ኮልፌ፣ እዚሁ ቤት ውስጥ ነው የተወለድኩት። በዚያ ሕግ ቢሄዱ ማሊያውን መልበስ የሚገባኝ እኔ ነበርኩ! ያን እሑድ በፈረንጁና በሰፈር ጎረምሳ ፊት ወንድሜን ማዋረድ አቃተኝ። ያሳደገኝን። ማታ ብቻችንን ስንሆን እነግረዋለሁ አልኩ፤ ማታ ማሊያ ሰፋሁ። ሳይቃጠል በቅጠል ነበር። ዝም አይነቅዝም ይላሉ። ውሸት ነው፤ ይነቅዛል።

ደግሞ ነፋስ አልነበረም። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ጓ! ሲል ሰምቼዋለሁ፤ እሱ ሲሰማ እኔም ስሰማ ነበር። እሱን ሲተወው እኔን አልተወኝም።

አንድ ቀን መቋቋም አቃተኝ። አስራ አንድ ሰዓት ነው፤ ዱባለ አጥሩን ተደግፎ ጫማውን ይጠርጋል። ቆርቆሮው ከጀርባው ጓ! አለ።

«ሰማህ ጋሼ?» አልኩት።

«ምኑን?»

«ኳሷን።»

ቀና ብሎ አየኝ፤ ፊቱ ላይ ምንም የለም። «አልሰማሁም የኔነሽ» አለኝ። «ነፋስ ነው።»

ወንድሜ ውሸት አያውቅም።