ጥላ የጠፋበት ቀትር

የያዙኝ ከጎብዬ ከተማ ስመለስ ነው። የእንስሳት ሐኪም ነኝ። ከብት ስከትብ ውዬ በባጃጅ ወደ ቆቦ ስገባ መንገድ ላይ ታጣቂዎች አስቆሙን፤ መታወቂያዬን አገላብጠው አዩና ውረድ አሉኝ። የክትባቱ ሳጥን ባጃጁ ላይ ቀረ። በረዶው ሳይሟሟ ቢሮ አድርስልኝ ብዬ ሾፌሩን ለመንኩት። በዚያች ሰዓት ሌላ የምናገረው ነገር አልመጣልኝም።

ከከተማው ወጣ ብሎ ወዳለ አሮጌ የእህል መጋዘን ወሰዱኝ። በሩ ሲከፈት የማሽላ ትቢያ ሽታ ፊቴን መታኝ፤ ከኋላው የላብ ሽታ ተከተለ። ዓይኔ ጨለማውን እስኪለምድ ድረስ ሰው መኖሩን ያወቅሁት በትንፋሽ ነው። መስኮት የለውም። ከቆርቆሮው ጣሪያ ላይ አንድ ምስማር ተነቅሎ ቀዳዳ ቀርቷል፤ በዚያ የገባው ብርሃን ወለሉ ላይ ሳንቲም የምታህል ክብ ሠርቷል። ያን ያህል ተጨናንቀው ሳለ ሰዎቹ እግራቸውን ሰብስበው ለክቧ ቦታ ለቀውላታል። ለምን እንደሆነ አልገባኝም።

አንድ ሽበታም ሰው ጠጋ ብለው አጠገባቸው አስቀመጡኝ። ስተኛ ጆሮዬን እንድሸፍን፣ ነቀዝ እንደሚገባ ነገሩኝ። የመጀመሪያ ወሬያችን ይኸው ነበር።

በወጣትነታቸው ከጎጃም ተመድበው መጥተው ቆቦ የቀሩ የታሪክ አስተማሪ ናቸው። የታሰሩበትን ምክንያት ሲነግሩኝ ቀልድ መስሎኝ ነበር። ስለ ጥንታዊት ግሪክ ሲያስተምሩ፣ በአቴና ከተማ አንድ ሹም የሥራ ዘመኑን ሲጨርስ ስለሠራው ሥራ በሕዝብ ፊት ይጠየቅ እንደነበር ለተማሪዎቻቸው ተናገሩ። ወሬው ከክፍሉ ወጣ። መርማሪው ይህን የተናገርከው ስለ ማን ነው አላቸው። ስለ አቴና ሰዎች ነው አሉት። የት ነው የሚገኙት አላቸው።

"ሞተዋል አልኩት" አሉኝ መምህሩ። "ከሁለት ሺህ ዓመት በላይ ሆኗቸዋል አልኩት። አላመነኝም።"

የራያን የሚያዝያ ሙቀት ለማያውቅ ሰው፣ በዚያ ቆርቆሮ ሥር ቀን እንዴት እንደሚዋል ማስረዳት ይከብደኛል። መተኛት አይታሰብም። ስለዚህ መምህሩ ያወራሉ፣ እኛ እንሰማለን። ከኮረብታ ጎን ተጠርቦ ስለተሠራ ቲያትር ነገሩን፤ ከታች ያለው ተናጋሪ ድምፁን ከፍ ሳያደርግ ከሁሉ በላይ የተቀመጠው ይሰማዋል። ጎህ ሲቀድ ኮረብታ ላይ ተሰብስቦ ጦርነትና ሰላምን እጁን አውጥቶ ስለሚወስን ሕዝብ ነገሩን። ጥያቄ በማብዛቱ ሞት ስለተፈረደበት ሽማግሌ፣ ወዳጆቹ ከእስር ሊያስመልጡት ሲመጡ አልሄድም ስላለው፣ በነገሩን ቀን መጋዘኑ ውስጥ የሳለ ሰው እንኳ አልነበረም።

ከዋጃ የመጣ አንድ የማሽላ ነጋዴ አብሮን ታስሮ ነበር። ሳይጠይቅ የማያልፍ ሰው ነው። እነዚህ ሰዎች ባሪያ ነበራቸው ወይ አለ። መምህሩ አልሸሸጉም። ባሪያ ነበራቸው፣ ሴቶቻቸውም በዚያ ጉባኤ ድምፅ አልነበራቸውም አሉ። ትልቅ ነገር የሠሩ ሰዎች ናቸው እንጂ መላእክት አልነበሩም አሉ።

የስቅለት ዕለት ክርስቲያኖቹ ቦታ እየተለዋወጥን ሰገድን። ሙስሊሞቹ ግድግዳ ተጠግተው ስፍራ ለቀቁልን። ኪርያላይሶን እያልን ዋልን። ስንጨርስ መምህሩ ስትሉት የዋላችሁት የማን ቋንቋ ነው አሉን። ግእዝ ነው አልኩ። ጽርእ ነው አሉ፤ የግሪኮች ቃል፣ አቤቱ ማረን ማለት ነው። ከዚያም በጣታቸው ትቢያው ላይ ፩፣ ፪፣ ፫ ብለው ጻፉ። ከእያንዳንዱ አኃዝ ሥር የመጣበትን የግሪክ ፊደል አሰፈሩ። ጎንበስ ብዬ አየሁ። ከልጅነቴ ጀምሮ ግድግዳችን ላይ በሚሰቀለው የቀን መቁጠሪያ የማውቃቸው ቁጥሮች ናቸው። ባሕር ተሻግረው፣ በአዱሊስ ወደብ ወርደው፣ አክሱም ገብተው፣ አብረውን ኖረው እኛኑ ሆነዋል። 

የክቧን ብርሃን ምስጢር የተረዳሁት ከዚያ በኋላ ነው። መምህሩ በየቀኑ ቀትር ላይ ብርሃኗ ካረፈችበት ቦታ አንዲት የማሽላ ፍሬ ያስቀምጣሉ። ፍሬዎቹ ቀስ በቀስ ከቀዳዳው ትክክል ሥር ወዳለው ቦታ እየቀረቡ ነበር። ፀሐይ ከመጋቢት ጀምሮ ወደ ሰሜን እንደምትጓዝ፣ በመንገዷም በራያ አናት ላይ እንደምታልፍ አስረዱን። በዚያች ቀን ቀትር ላይ ቀጥ ብሎ የቆመ ነገር ጥላ አይኖረውም።

ቀጥለው በግብፅ ጠረፍ፣ ግሪኮች በመሠረቷት ከተማ፣ የመጻሕፍት ቤት ጠባቂ ስለነበረ ሊቅ ነገሩን። ሩቅ ደቡብ ባለች ከተማ በዓመት አንድ ቀን ቀትር ላይ ፀሐይ እስከ ጥልቅ የውኃ ጉድጓድ ወለል ትገባለች ሲባል ሰማ። በዚያው ቀን በእሱ ከተማ የቆመ እንጨት ግን ጥላ አለው። ያችን ትንሽ ጥላ ለካ፤ ከእሷና በሁለቱ ከተሞች መካከል ካለው ርቀት ተነስቶ የምድርን ዙሪያ አሰላ።

"ምድርን ሳይዞራት?" አለ የዋጃው ነጋዴ።

"ከከተማው ሳይወጣ።"

ነጋዴው በሩን አየ፤ ከዚያ ጣሪያውን አየ።  እዚያ ውስጥ ሆነን ይህን መስማት ምን ማለት እንደሆነ፣ ያልታሰረ ሰው ይገባው እንደሆነ አላውቅም።

ማታ ነጋዴው ጠባቂዎቹን ለመነ። መምህሩ ጥላ የሚጠፋው ነገ ወይም ከነገ ወዲያ ነው ስላሉን፣ ቀትር ላይ ለጥቂት ጊዜ ግቢው ውስጥ ብንወጣ አለ። ልመናው አዛዣቸው ዘንድ ደረሰ። በማግስቱ ጠዋት መምህሩን ጠሯቸው፤ ቀትር ላይ ከውጭ ከማን ምልክት እንደምንጠብቅ ሊጠይቋቸው ነው። ሲመልሷቸው ሁለት ሰዎች ደግፈዋቸዋል። እግራቸው አብጦ ጫማቸውን በእጃቸው ይዘዋል። ምን እንዳሏቸው ጠየቅናቸው።

"ስለ ፀሐይ ጠየቁኝ" አሉ። እግራቸውን በእርጥብ ጨርቅ ጠቀለልኩላቸው፤ ያለኝ ሕክምና ያ ብቻ ነበር። ቀኑ ነገ መሆኑን ነገሩን።

በማግስቱ ቀትር ሲቃረብ በሩን የከፈተው አዛዡ ራሱ ነው። ውጡ፣ ያላችሁትን አያለሁ አለ። መምህሩን ሊያዋርዳቸው እንደፈለገ ፊቱ ይናገር ነበር። ወጣን። ብርሃኑ ዓይናችንን አሳወረው። ግቢው መሐል ውኃ የተቋረጠበት የቧንቧ ብረት ቆሟል፤ ሁላችንም ዙሪያውን ቆምን። አዛዡ ስልኩን አየ።

"ስድስት ሰዓት ሞልቷል። ጥላው ያውና፣ አንተ ሰውዬ።"

እውነቱን ነው። ጣት የምታህል ጥላ ከብረቱ በምዕራብ በኩል ተጋድማለች። መምህሩ ገና ነው አሉ። ሰዓታችን የተቀመረው ከእኛ በስተምሥራቅ ላለ ቦታ ነው፤ የቆቦ ቀትር ትንሽ ይዘገያል። አዛዡ ፈገግ አለ፣ ግን አላስገባንም።

ጠበቅን። ላብ ዓይናችን ውስጥ ይገባል። ጥላዋ አጠረች፤ ጥፍር አከለች፤ ከዚያ መስመር ሆነች። ከዚያ ብረቱ ብቻውን ቆመ። መሬቱ ላይ ምንም የለም።

"ሱብሃነላህ" አለ ነጋዴው በዝግታ።

መምህሩ እስካሁን በእኔና በእሱ ትከሻ ላይ ተንጠልጥለዋል። "ልቀቁኝ" አሉ። "ካልቆምኩ አይታይም።" እሺ አላልናቸውም። ደግመው አዘዙን፤ ለቀቅናቸው። በዚያ ባበጠ እግራቸው ቀጥ ብለው ቆሙ። ጥላቸው ከሥራቸው ገብቶ ጠፋ። ቀና ብዬ ሳይ ግቢው ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ፣ ጠመንጃ የያዘውም ያልያዘውም፣ የገዛ እግሩን ያያል። አዛዡም ያያል።

"እንዴት አወቁ?" አላቸው። እስከዚያች ደቂቃ አንተ ሲላቸው ነበር የሰማሁት።

"ያወቁት የጥንት ሰዎች ናቸው" አሉት። "እኔ አስተማሪ ነኝ።"

 ጥላ በሌላኛው ወገን ብቅ እስክትል ድረስ ቆመን ቆየን። ከዚያ ወደ መጋዘኑ ገባን፣ በሩም ተዘጋ። ያ ቀን ማንንም አላስፈታም። መምህሩን ሳይቆይ ወደ ሌላ ቦታ ወሰዷቸው፤ እኔ ክረምቱ ሲገባ ምክንያቱ ሳይነገረኝ ወጣሁ፤ እሳቸው ከእኔ በኋላ።

አሁን ጎጃም እህታቸው ቤት ናቸው። ማስተማር ትተዋል፤ እግራቸው ብዙ አያቆማቸውም። አልፎ አልፎ እደውላለሁ፣ ስለ መጋዘኑ ግን አናነሳም። ባለፈው ስንነጋገር ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ስለሚያስገርመኝ አንድ ነገር ጠየቅኋቸው። የመጻሕፍት ቤቱ ሊቅ የጉድጓዱን ነገር የሰማው ከማን ነው? አይታወቅም አሉኝ። ስሙን የጻፈው የለም።

ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ብዙ አሰብኩ። ምናልባት ውኃ ልትቀዳ የወጣች ሴት ትሆናለች። ሙቀት ነው፣ ቸኩላለች፤ ቀድታ መሄድ ትችል ነበር። ግን ጎንበስ ብላ ፀሐይን ከጉድጓዱ ወለል ላይ አየቻት። ቤቷ ስትገባም ለሰው ነገረች።