ከጣና ዳር ፍርስራሽ የተነቀለው ድንጋይ

አያቴ ጎርጎራ፣ ጣና ዳር ያለውን የነገሥታት ቤት ፍርስራሽ ማንም ሳይሾማቸው ይጠብቁ ነበር። ለካብ ድንጋይ ሊወስድ የመጣ ካዩ ድንጋዩ ላይ ቁጭ ብለው፣ «መጀመሪያ እኔን አንሣኝ» ይሉታል። ማን ደፍሮ ያነሣቸዋል?

በተቀበሩ በሳምንቱ ጎረቤታችን አያ ካሴ የፍርስራሹን በር የደፍ ድንጋይ ነቅሎ የበረቱን ካብ ሠራበት። እዚያ አሁን ጉድጓድ ብቻ ቀርቷል። ያ ሰው ሳያፍር ተዝካራቸውን ሊበላ መጣ።

እናቴ ጠላ ቅጂለት ብትለኝ ማንቆርቆሪያውን ይዤ ፊቱ ቆምሁ።

«ምነው ልጄ፣ ቅጂ እንጂ» አለ።

«ድንጋዩን ሲመልሱ እቀዳለሁ፣ አያ ካሴ።»

«ድንጋይ እኮ ነው። ጠባቂውም ሞቷል።»

«ከሞቱማ እርስዎ ጠላቸውን ምን ብለው ይጠጣሉ?»

ካህናቱ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ሳቁ። እናቴ እስካሁን አኩርፋኛለች፤ እኔ ግን ይህን ስጽፍ ደስ ይለኛል። እሱ ድንጋዩን አልመለሰም፤ እኔም አልቀዳሁለትም።